ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል የሆነው እንዴት ነው?

ከታሪክ ክበብ አባላት

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ትምህርት ቤታችን ይዘጋል። የሚዘጋበትን ምክንያት ግን ከእኛ ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችን አጣርተን አናውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት በበዓሉ ዋዜማ የታሪክ መምህራችን «ነገ የምናከብረው የትኛውን ድል ነው?» ብለው ቢጠይቁን የክፍላችን እኩሌታ «የዐድዋን» ብሎ መለሰ። መምህራችን አልተቈጡም፤ የዐድዋ ድል የሚከበረው የካቲት 23 ቀን መሆኑን ካስታወሱን በኋላ «እንግዲያውስ ሄዳችሁ ፈልጋችሁ አምጡ» አሉን። ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ያቀረብነው ጽሑፍ የተጀመረው በዚያ ትእዛዝ ነው።

ፍለጋውን የጀመርነው ግን ከመጽሐፍ አይደለም። የአንዱ ጓደኛችን አያት የሻሸመኔ አገር ሰው ናቸው። ማታ ገብቶ «አባባ፥ ሚያዝያ 27 የምን ድል ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ጠላት የወጣበት ቀን ነው ይባላል፤ ነገር ግን አባቴ እንደ ነገረኝ በዚያን ቀን በእኛ አገር ጠላት ገና አልወጣም ነበር። እስቲ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ» አሉት። በማግሥቱ ጓደኛችን ይህን ሲነግረን የሽማግሌው ጥያቄ ከመምህራችን ጥያቄ ይልቅ ከበደን። ጠላት ገና በአገር ውስጥ ሳለ የድል በዓል እንዴት ይሆናል?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1928 ዓመተ ምሕረት መመለስ ያስፈልጋል። በማይጨው ጦርነት ሠራዊታችን ድል ከሆነ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለጠላት ተከፈተ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 24 ቀን ሊነጋ ሲል በባቡር ወደ ጅቡቲ ጉዞ ጀመሩ። ሐዲዱ የሚያልፈው በቢሾፍቱ፥ በሞጆና በእኛው ከተማ በአዳማ ስለ ነበረ፥ ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት ይዞ የሄደው ባቡር በዱሮው ጣቢያችን በኩል አልፏል ማለት ነው። ዛሬ ባቡሩ በሌላ መስመር ይሄዳል፤ አሮጌውን ጣቢያ በየቀኑ እያየነው የምናልፍ እኛ ይህን ስንሰማ ግን ቆም ብለን ሳንመለከተው አልቀረንም።

ከሦስት ቀን በኋላ፥ ይኸውም ሚያዝያ 27 ቀን 1928፥ የኢጣልያው ማርሻል ፒየትሮ ባዶልዮ በመኪና የተጫነ ጦሩን አስከትሎ ከደሴ መንገድ አዲስ አበባ ገባ። በመካከል በነበሩት ቀኖች ከተማዋ ተዘርፋና ተቃጥላ ነበር። ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ሆኖ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት መሆኗን ለሕዝቡ ዐወጀ። እንግዲህ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ይህን ነው፤ ሚያዝያ 27 በመጀመሪያ የድል ቀን ሆና የተጻፈችው በእኛ ሳይሆን በጠላት መዝገብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት በአጭሩ የሚነገሩ አይደሉም፤ እኛም ሁሉን ለመናገር አንሞክርም። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፥ በጎጃም በላይ ዘለቀ፥ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ በዱር በገደል ሆነው ጠላትን ዕረፍት ነሡት። ነገር ግን ስለ አርበኞች ሲነገር ብዙውን ጊዜ ተራራው እንጂ የእኛ የስምጥ ሸለቆ ሜዳ አይነሣም። የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ከሲዳሞ ተነሥቶ እየተዋጋ ሲያፈገፍግ ቈይቶ በመጨረሻ የተመታው በየካቲት 1929 ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ጎገቲ በተባለው ስፍራ ነው። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በዚያ ወደቁ፤ ራስ ደስታም ጥቂት ቀን ቈይተው ተይዘው ተገደሉ። ይህ የሆነው በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በተፈጸመበት በዚያው ሳምንት ነው። ወደ ዝዋይ ሽርሽር የሄድን ጊዜ ዓሣና ወፍ ብቻ አይተን መመለሳችን አሁን ይጸጽተናል።

በ1932 መጨረሻ ኢጣልያ ከጀርመን ጋር ወግና በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስላነሣች ነገሩ ተለወጠ። በ1933 ኢትዮጵያን ነጻ ለማውጣት የተደረገው ዘመቻ በብዙ አቅጣጫ ነበረ፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ሁለቱን መንገዶች ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመጡበት ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ፤ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌትና ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆነው ወደ ደብረ ማርቆስ አቀኑ። ሁለተኛው በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው ጦር ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያ ዞሮ የመጣበት ነው። ይህ ጦር የእንግሊዝ ጦር ይባል እንጂ በውስጡ የነበሩት ወታደሮች አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪቃ፥ ከናይጄርያና ከደቡብ አፍሪቃ የመጡ ነበሩ። የመጽሐፉ ሥዕል ነጭ መኮንኖችን ብቻ ስለሚያሳይ ይህን ማንሣታችን አግባብ መስሎ ታየን።

የካኒንግሃም ጦር የካቲት 18 ቀን ሞቃዲሾን ያዘ፤ በመጋቢት ወር ጅጅጋን፥ ሐረርንና ድሬዳዋን አለፈ። ጠላት በአዋሽ ወንዝ ላይ ያሉትን ድልድዮች አፍርሶ ሊያቆመው ቢሞክርም በመጋቢት 25 ገደማ ወንዙ ተሻገረ። ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባ ያለውን አገር በሦስት ቀን አቋርጦ መጋቢት 28 ቀን ዋና ከተማዋን ያዘ። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ነው አዳማ ከጠላት እጅ የወጣችው። ከተማችን ከነጻነት በኋላ ናዝሬት የሚባል ስም ተሰጥቷት ለብዙ ዘመን ስትጠራበት ኖራ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳለች፤ በመጋቢት 1933 የወጡ ጽሑፎች ግን አዳማ ነው የሚሏት።

እዚህ ላይ አንባቢ «አዲስ አበባ ነጻ የወጣችው መጋቢት 28 ከሆነ በዓሉ ስለ ምን በዚያ ቀን አልሆነም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛም ጠይቀናል። በዚያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ወደ ዋና ከተማቸው ለመገስገስ ቢፈልጉም የእንግሊዝ አዛዦች «በከተማው ብዙ ሺሕ የኢጣልያ ሲቪሎች አሉ፤ ሕዝቡ ንጉሡን ሲያይ በቀል እንዳይነሣ» በማለት አዘገዩአቸው። አንዳንዶቻችን ይህ ጥንቃቄ ብቻ ነው አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ እንግሊዞች አገሩን ማን እንደሚያስተዳድር ገና አልቈረጡም ነበርና ለዚህ ነው አልን፤ በክበባችን ብዙ ተከራክረንበት አልተስማማንም። የሆነው ሆኖ በመጋቢት 28 እና በንጉሠ ነገሥቱ መግቢያ መካከል 29 ቀን አለፈ።

የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ቀኑ ዝም ብሎ የተገኘ አልነበረም፤ ባዶልዮ ከገባ ልክ አምስት ዓመት የሚሞላበት ነበረና ታስቦበት የተመረጠ ነው። ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት፥ ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና ከኋላ ሆነው ከእንጦጦ ሲወርዱ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጠጕራቸውን እንዳጐፈሩ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመው ተቀበሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያን ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አጥብቀው አሳሰቡ። በጠላት መዝገብ የድል ቀን ሆና የተጻፈችው ሚያዝያ 27 በአምስተኛ ዓመቷ በእኛ መዝገብ ተገልብጣ ተጻፈች። ከዚያ ወዲህ የድል በዓል ሆነች፤ በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው ሐውልትም የተተከለው ለእርስዋ መታሰቢያ ነው።

አሁን ወደ ሻሸመኔው ሽማግሌ ጥያቄ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ያፈገፈገው የኢጣልያ ጦር እኩሌታው ወደ ደቡብ፥ ወደ ሐይቆቹ አገር ወርዶ ነበር። ከሞጆ የሚታጠፈውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ፤ መቂን፥ ዝዋይን (ዛሬ ባቱን)፥ ቡልቡላንና አርሲ ነገሌን አልፎ ሻሸመኔ ይደርሳል። ዛሬ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ይህ መንገድ በዚያን ጊዜ የጦር ሜዳ ነበር፤ ዝናቡም መኪናውን በጭቃ እየያዘ ጉዞውን አዘገየው። ሻሸመኔ የተያዘችው ግንቦት 6 ቀን ነው። ወላይታ ሶዶ ግንቦት 14፥ ጅማ በሰኔ ወር አጋማሽ፥ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነጻ ወጡ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ መድፍ ለደስታ ሲተኰስ በዚያው በእኛ መንገድ ጫፍ መድፍ ለጦርነት ይተኰስ ነበር። በሚያዝያ 27 ቀን አዳማ አንድ ወር የሆናት ነጻ ከተማ ስትሆን ሻሸመኔ ዘጠኝ ቀን ይቀራት ነበር። ሽማግሌው ከአባታቸው የሰሙት ትክክል ነው።

ይህን ባገኘን ጊዜ መጀመሪያ ቅር አለን፤ በዓሉ የተሳሳተ መስሎን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ ነው። የሜክሲኮ ሕዝብ በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን የሚያከብረው የድል በዓል አለው፤ ሜይ 5 ማለት ደግሞ የእኛው ሚያዝያ 27 ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ቤኒቶ ኋሬዝ የመንግሥታቸው ገንዘብ ቤት ባዶ ስለ ሆነ የውጭ ዕዳ ከመክፈል አቆሙ። እንግሊዝ፥ እስፓኝና ፈረንሳይ መርከብ ላኩ፤ ሁለቱ ተመለሱ፥ ፈረንሳይ ግን አገሩን ለመያዝ ገፋች። በ1862 ሜይ 5 ቀን ፑብላ በምትባል ከተማ አጠገብ በጄኔራል ኢግናስዮ ሳራጎሳ የሚመራው፥ በመሣሪያ የሚያንሰው የሜክሲኮ ጦር የፈረንሳይን ጦር ድል አደረገ። ኋሬዝ ወዲያው ቀኑን በዓል አደረጉት። ነገር ግን በዓመቱ ፈረንሳዮች ብዙ ጦር ጨምረው ተመልሰው ፑብላን ያዙ፤ ዋና ከተማዋንም ያዙ፤ ማክሲሚልያን የሚባል የኦስትሪያ መስፍን አንግሠው እስከ 1867 ቈዩ። ሜክሲካውያን በዓሉን አልተዉትም። የጦርነቱ መጨረሻ አለመሆኑን እያወቁ ያከብሩታል፤ ብዙ የውጭ አገር ሰዎችም እኛ ከዐድዋ ጋር እንዳሳሳትነው ያን ቀን ሴፕቴምበር 16 ከሚውለው ከነጻነት በዓላቸው ጋር ያሳስቱታል።

ከክበባችን ሒሳብ የሚወድ አንድ ልጅ ግን እዚህ ላይ አረመን። የአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ጳጉሜን የሚመስለውን ተጨማሪ ቀኑን ስለ ዘለለ፥ ከዚያ በፊት የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በአንድ ቀን ያንስ ነበር። ስለዚህ የፑብላ ጦርነት በተደረገበት ዕለት በእኛ አገር ቀኑ ሚያዝያ 28 ቀን 1854 ነበር። የዐድዋ ጦርነት በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን ተደርጎ ዛሬ ማርች 2 የሚከበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሁለቱ በዓላት መገናኘት እንግዲህ የካሌንደር ሥራ ነው።

በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የካሌንደር ብቻ ያልሆነ ነገርም አለ። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘች ጊዜ ብዙ መንግሥታት ወረራውን ሲቀበሉ ሜክሲኮ አልተቀበለችም፤ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟግታለች። በውጭ ጦር መያዝ ምን እንደ ሆነ ከፑብላ ጀምሮ ታውቀዋለችና አያስደንቅም። አዲስ አበባ ስንሄድ ታክሲ የምንይዝበት ሜክሲኮ አደባባይ የዚህ ውለታ መታሰቢያ ነው፤ በሜክሲኮ ዋና ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይና የምድር ባቡር ጣቢያ አለ።

በእኛ አገር ግን ቀኑ ሳይነካ አልቀረም። የደርግ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ካወረደ በኋላ በዓሉ የእሳቸው መግቢያ መሆኑን ስላልወደደ ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። አባቶቻችን ተማሪ በነበሩ ጊዜ ያከበሩትና እኛ የምናከብረው ቀን የተለያየው ለዚህ ነው። በእኛ አስተያየት ዝውውሩ እንግዳ ነገር ነበረ፤ ንጉሥን ከበዓሉ ለማውጣት ተብሎ የእንግሊዝ ጄኔራል ጦር የገባበት ቀን ተመረጠ፤ አርበኞቹ በመንገድ ዳር የቆሙበት ቀን ተተወ።

ጽሑፉን ጨርሰን ለመጽሔቱ ከመስጠታችን በፊት ጓደኛችን ወስዶ ለአያቱ አነበበላቸው። ስለ ባቡሩም ስለ ሜክሲኮም ዝም ብለው ሰሙ። ሻሸመኔ ግንቦት 6 ቀን ነጻ ወጣች የሚለው ላይ ሲደርስ ግን በእጃቸው አስቆሙትና «እስቲ እሷን ድገማት» አሉት።