አርባ ልጆች፦ የአርመን ስደተኞች በኢትዮጵያ የሙዚቃ ሥራ

አርመኖች በኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ውስጥ የቆየ ታሪክ አላቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ወርቅ አንጥረኞችና ነጋዴዎች በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ይሠሩ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዝያን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ አዲስ አበባ አስገብተው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎታል። የሁለቱም አገር አብያተ ክርስቲያናት የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉ እኅትማማቾች መሆናቸው መጻተኞቹ እንደ ባዕድ ብቻ እንዳይታዩ ረድቷል።

በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ግዛት የተጀመረው እልቂት እጅግ ብዙ አርመናውያንን ፈጅቶ፣ የተረፉትን በየአገሩ በተነ። ከወላጅ አልባዎቹ ከፊሎቹ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠጉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አርባ ወጣቶች ለመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ እንዲሰጧቸው ከገዳሙ ጋር ተስማሙ። ልጆቹ በዚያው ዓመት ማብቂያ ከአሠልጣኛቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስምም በዚያው ጸና። የቅጥር ውል ነበራቸው፤ መኖሪያና ደመወዝም የመንግሥት ነበር። ቤት ንብረት ለሌለው ስደተኛ ሥራው ከእንጀራም አልፎ አዲስ አገር ሆነለት።

ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ የትንፋሽ መሣሪያዎች ቀድሞም በከተማዋ ይነፉ ነበር። አርመኖቹ የጨመሩት በኖታ የሚመራ፣ በሥርዓት የሠለጠነ ጓድ ነው። ኬቮርክ ናልባንድያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዋለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ ዘውዳዊው መንግሥት ፍጻሜም አገለገለ። ስደተኛው ዜማውን፣ የአገሩ ባለቅኔ ቃሉን ማዋጣታቸው የሥራ ባልደረብነት ምን ሊያፈራ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል።

የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሰስ ናልባንድያን ደግሞ ይበልጥ ከባድ ሥራ ገጠማቸው። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ኦርኬስትራ ጋር ሠርተዋል። የኢትዮጵያ ዘፈኖች ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በመሳሰሉ ባለአምስት ድምፅ ቅኝቶች የተዋቀሩ ሲሆኑ፣ የአውሮፓ መሣሪያዎች የተሠሩት ለሌላ የድምፅ ሥርዓት ነው። በዘፈኑ ላይ የአውሮፓ ኅብረ ድምፅ ያለ ልክ ቢጫን የቅኝቱ ጣዕም ይጠፋል። ነርሰስ ግን ቅኝቱን መሠረት አድርገው፣ ለትራምፔትና ለሳክስፎን የየራሳቸውን ድርሻ እየጻፉ ዘፈኖችን አቀናበሩ። ይህን ማድረግ የተቻለው መምህሩ የተቀበላቸውን ሕዝብ ዜማ ተቀምጠው ስለተማሩ፣ ኢትዮጵያውያኑ ሙዚቀኞችም ኖታን ከእሳቸው ስለተቀበሉ ነው። በአንድ መለማመጃ ክፍል ውስጥ አስተማሪና ተማሪ ይፈራረቁ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ አብዛኛው የአርመን ማኅበረሰብ አገር ለቆ ሄደ። ያም ሆኖ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ባንድ አሠራር ከእነዚህ ተቀጣሪዎች ተለይቶ አይነገርም። ለዚህ ውጤት የበቁት የራሳቸውን ሙያ ሳይደብቁ የሌላውን ባህል አክብረው በመሥራታቸው ነው፤ መጤ ሠራተኛን ለሚቀጥር ሁሉ የሚበጀውም ትምህርት ይኸው ነው።