ከቤተ ክርስቲያን ወለል በታች፦ የቲፑ ማያዎች ምስክርነት

የላቲን አሜሪካን የተልእኮ ታሪክ ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የሚስዮናውያኑን ድምፅ ነው። በዛሬዋ ቤሊዝ፣ በማካል ወንዝ ዳር የነበረችው የማያዎች ከተማ ቲፑ ግን ሌላ ምስክር አቅርባለች።

በ16ኛው መቶ ዘመን በቲፑ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ቋሚ ካህን ግን አልነበራትም። ካህናት አልፎ አልፎ ከሩቅ መጥተው አጥምቀውና ቀድሰው ይመለሱ ነበር። ከ1618 እስከ 1619 (እ.ኤ.አ.) በዚያ ያለፉት ፍራንሲስካውያን መነኮሳት ባርቶሎሜ ዴ ፉዌንሳሊዳ እና ሁዋን ዴ ኦርቢታ የከተማይቱን ሰዎች በጣዖት አምልኮ ከሰሱ። ያለን ማስረጃ የእነርሱ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በዚሁ ባበቃ ነበር።

በ1980ዎቹ ኤልሳቤጥ ግራሃምና ባልደረቦቻቸው ባካሄዱት ቁፋሮ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥርና በዙሪያው 600 ያህል መቃብሮች ተገኙ። ማያዎች ቀድሞ ሙታናቸውን ብዙ ጊዜ እግራቸውን አጥፈው ይቀብሩ ነበር። የቲፑ ሙታን ግን አብዛኞቹ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ራሳቸው ወደ ምዕራብ ሆኖ፣ ትንሣኤን እንደሚጠባበቁ ክርስቲያኖች ተቀብረዋል። ጥቂቶቹ ዶቃ፣ ጉትቻ ወይም ቀለበት አድርገዋል፤ አንዱ ደግሞ ከዕጣን ጥና ጋር ተቀብሯል። ካህን በሌለበት ይህን ሥርዓት የጠበቁት ራሳቸው ማያዎቹ ናቸው።

ይሁን እንጂ ለመፍረድ አንቸኩል። በሰሜን ቤሊዝ በላማናይ ፉዌንሳሊዳ በ1641 ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑን ተቃጥሎ አገኘው፤ በ1638 ማያዎች በስፔን አገዛዝ ላይ ዐምፀው ነበርና። በኋላ ዴቪድ ፔንደርጋስት ሲቆፍሩ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቀድሞው ልማድ የተተከለ የድንጋይ ሐውልት ተገኘ። የአቀባበር ሥርዓት ልብን አያሳይም፤ ሐውልቱም ብቻውን የሁሉንም እምነት አይናገርም።

ሁለቱ ስፍራዎች አንድ ጥያቄ በፊታችን ያስቀምጣሉ። በየመንደሩ ልጆችን የሚያስተምሩና ጸሎት የሚመሩ ማያዎች ነበሩ። ሆኖም በ1555 የተካሄደው የሜክሲኮ ጉባኤ የአገሬው ተወላጆች ለክህነት እንዳይሾሙ ከልክሎ ነበር። ሐዋርያት በየቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችን ሾመው ለጌታ ዐደራ ሰጥተዋል (ሐዋ. 14፥23)፤ በቲፑ ግን መንጋው የራሱ እረኛ አልነበረውም። ስለ ቅይጥ እምነት ስናስተምር ምእመናኑን ከመውቀሳችን በፊት፣ ቃሉን ማን አስተማራቸው፣ ማንስ እረኛ ሆናቸው ብለን መጠየቅ ይገባናል።