ፍሪሲዮንና አንድምታው

የመኪና ባለሙያዎቻችን ፍሪሲዮን የሚሉት ዕቃ ስሙን የወሰደው ከኢጣሊያኖች ሲሆን ትርጓሜውም መፋተግ ማለት ነው፤ እንግሊዞች ግን ይህንኑ ዕቃ ክላች ብለው ሰየሙት፥ እርሱም በቋንቋቸው አጥብቆ መጨበጥ ማለት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ዕቃ አይተው አንደኛው መከራውን፥ ሌላው ግብሩን ስም አደረጉለት፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም፥ ፍሪሲዮን ሳይፋተግ መጨበጥ አይሆንለትምና፥ በተፋተገም ቍጥር ከገላው ጥቂት በጥቂት እያለቀ ይሄዳልና። ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ኮፈን፥ ኩሽኔታ፥ ክሪክ የሚሉት ቃላት ሁሉ በኢጣሊያኖች መኪናና ጋራዥ በኩል ወደ አማርኛ ገብተው ባዕድነታቸውን የሚያስተውል ሰው እስኪጠፋ ድረስ የለመድናቸው ስለ ሆነ፥ እኔም እንግሊዞች መኪናቸውን በገዛ ጓሮአቸው የጠገኑበትን ታሪክ በኢጣሊያ ቃል ልተርክ ብነሣ አንባቢ እንደማይፈርድብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።

የፍሪሲዮን ምሥጢሩ ረቂቅ አይደለም። ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ መዞሩን አይተውም፥ መኪናዋ ግን መቆም፥ መነሣትና ማርሽ መለወጥ አለባት፤ ስለዚህ በሚዞረውና በቆመው መካከል ገብቶ አንድ ጊዜ የሚያስታርቅ፥ አንድ ጊዜም የሚያፋታ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ይህም ሽማግሌ በሞተሩ ጫፍ ላይ በታሰረው ከባድ የብረት መንኰራኵር፥ ማለት በቮላኖው፥ እና ባለሞላ በሆነ የብረት ክዳን መካከል ተጣብቆ የሚኖር ስስ ዲስክ ነው፤ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ክዳኑ ይላላና ዲስኩ ነጻ ይወጣል፥ እግሩን ሲያነሣ ሞላው ይጫነውና ዲስኩ ከቮላኖው ጋራ አንድ ሆኖ ይዞራል። በመኪና የመጀመሪያ ዘመን ግን ነገሩ እንዲህ ጨዋ አልነበረም። ያን ጊዜ ፍሪሲዮን ማለት ቆዳ የለበሰ ሾጣጣ ብረት ነበረና፥ ቆዳው ሲደርቅ የጉሎ ዘይት እየተቀባ፥ ሲንሸራተት ደግሞ ደቃቅ ሸክላ አፈር እየተነሰነሰበት ይኖር ነበር፤ ይህንንም የሚያደርገው ባለመኪናው መኰንን ሳይሆን የፈረሰኛ ሎሌነትን ትቶ ሹፌርነትን የተማረው አሽከሩ ነበረ።

ከቆዳ ወደ ዲስክ ለመሻገር በሚፋተጉት ብረቶች መካከል ገብቶ ሙቀትን የሚችል ልብስ ማግኘት ግድ ነበር። ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ ኮረብታማ በሆነው በደርቢሸር አገር የፈረስ ጋሪ ነጂዎች ቍልቍለት ሲወርዱ በእንጨት ፍሬናቸው ላይ አሮጌ ጫማ ሲያስሩ አይቶ፥ በ1897 ለፍሬን የሚሆን ልብስ መሥራት እንደ ጀመረ ይነገርለታል፤ ፌሮዶ የተባለው የኩባንያው ስም የዚህ ሰው የቤተ ሰብ ስም ፊደላት ተዘበራርቀው፥ አንዲት ፊደልም ተጨምራባቸው የተገኘ ነው። ቀጥሎም እሳት የማይበላው አስቤስቶስ የተባለው የድንጋይ ጭረት ለፍሬኑም ለፍሪሲዮኑም ልብስ ሆነ። የዚያን ጭረት ክፋት በኋላ እናገኘዋለን።

አሁን ወደ ባለቤቱ ልመለስ። በእንግሊዝ አገር ከ1922 እስከ 1939 የተሠራችው ኦስቲን 7 የተባለችው ታናሽ መኪና አሽከር ለመቅጠር አቅም በሌለው ሰው እጅ ገባች፤ ከጊዜም በኋላ አርጅታ ዋጋዋ ሲረክስ ተማሪና የፋብሪካ ወጣት ሳይቀር የሚገዛት ሆነች። እነዚህ ወጣቶች ያረጀውን ቤቷን ገፍፈው፥ ቀላል የቆርቆሮ ገላ አልብሰው፥ የእሽቅድምድም መኪና ያደርጓት ነበር፤ ይህንኑ ሥራ የሚያበረታታ ማኅበርም በ1939 በሞተሯ መጠን 750 ተብሎ ተመሠረተ። የኦስቲን 7 ፍሪሲዮን ግን በጠባዩ የታወቀ ነበር፤ በመያዝና በመልቀቅ መካከል ያለው የፔዳል ጕዞ እጅግ አጭር ስለ ሆነ፥ ያልለመደው ሰው ሲነሣ መኪናዋ እንደ ደነገጠች በቅሎ ትዘል ነበር ማለት ይቻላል። እንግዲህ ከዚህች መኪና ጋራ ያደገ ትውልድ ፍሪሲዮንን በስም ሳይሆን በጕልበቱና በጥፍሩ ያወቀ ትውልድ ነው።

ከዚህ ትውልድ አንዱ ጆን ኸይንስ ነበረ። በ1938 በሴሎን ደሴት ተወልዶ፥ በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ በሚገኘው በሰተን ቫለንስ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲማር፥ ራግቢ የተባለውን ጨዋታ ትቶ በዚያ ሰዓት ኦስቲን 7 ይሠራ ዘንድ የቤት አስተዳዳሪውን አስፈቀደ። ሠርቶም በማስታወቂያ ሲሸጣት የገዢው ብዛት አስገረመው፤ ስለዚህ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ታናሽ መጽሐፍ ገና ተማሪ ሳለ አዘጋጀና 250 ቅጂ በ10 ቀን ውስጥ ተሸጠለት። ብዙ ሰው መኪናዋን ፈልጎ መጣ፥ ነገር ግን ከመኪናዋ ይልቅ የሚሸጠው ዕውቀቷ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን በወጣትነቱ ያስተዋለ ሰው ዕድሉ ከእጁ እንደማያመልጠው የታወቀ ነው።

ከዚያም አየር ኃይል ገባ። እርሱ በውትድርና ሳለ በግንቦት 1958 በሞንቴ ካርሎ አንዲት አዲስ መኪና ለዓለም ታየች፤ ስሟ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት፥ አሳቢዋ ዶናልድ ሂሊ፥ የምትገጣጠመውም በአቢንግደን በሚገኘው በኤም ጂ ፋብሪካ ነበረ። ሞተሯ 948 ሲሲ፥ ጕልበቷም 43 የፈረስ ጕልበት ብቻ ሲሆን፥ ዋጋዋ ከነግብሩ 669 ፓውንድ ስለ ነበረ የስፖርት መኪና ከባለጠጋ ልጅ እጅ ወጥቶ ከመምህርና ከባንክ ጸሐፊ ደጃፍ ቆመ። ለርካሽነቷ ሲባል ከውጭ የበር እጀታ አልተደረገላትም፥ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋም መክፈቻ ስለሌለው ሻንጣ የሚገባው ከመቀመጫው ጀርባ እየተጎነበሱ ነበር። ሁለት የፊት መብራቶቿ ኮፈኑ ላይ ፈጠው ስለ ተቀመጡ ሕዝቡ የእንቍራሪት ዓይን ብሎ ጠራት፤ ኮፈኗም የፊት ክንፎቿን ጨምሮ አንድ ሆኖ ወደ ላይ የሚነሣ ነው።

ስለዚህች መኪና ፍሪሲዮን የሚናገር ሰው በአሠራሯ ያለውን ተቃርኖ ሳይጠቅስ ማለፍ አይገባውም። ስፕራይት በብዛት ከተሠሩት የስፖርት መኪኖች ሁሉ አስቀድማ ያለ ልዩ ሻንሲ፥ ወለሏና ጎኗ አንድ ገላ ሆነው የተበየዱባት መኪና ናት፤ ይህም ቀላልና ርካሽ አደረጋት፥ ነገር ግን ካምቢዮው፥ ማለት የማርሽ ሣጥኑ፥ የሚያልፍበት ዋሻ ከወለሉ ጋራ የተበየደ ስለ ሆነ ካምቢዮውን ወደ ታች አውርዶ ፍሪሲዮኑን ማግኘት የማይቻል ሆነ። በ1962 የወጣችው ትራያምፍ ስፒትፋየር ግን ሻንሲዋ ለብቻው ስለ ነበረ፥ የዋሻው ክዳን ተነቅሎ ካምቢዮው በመቀመጫው በኩል፥ እንደ እንግዳ በበር ይወጣ ነበር። የስፕራይት ባለቤት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሞተሩን፥ ብቻውን ወይም ከነካምቢዮው፥ በሰንሰለት ሰቅሎ ወደ ላይ ማውጣት። ጋራዥ ቢወስዳት ዲስኩ ራሱ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፥ ዋጋው የሚከብደው የዲስኩ ሳይሆን ወደ ዲስኩ የሚያደርሰው የሰው ጕልበት ነው። መኪናዋን በስንት ዓመት ቍጠባ ያገኘ ወጣት ይህን ጕልበት ከራሱ ለማውጣት የቈረጠው እንግዲህ ከፍቅር ብቻ አልነበረም።

መቍረጥ ግን ማወቅ አይደለም። ፋብሪካው የሚያሳትመው የሥራ መጽሐፍ የተጻፈው ለጋራዥ ሊቃውንት ነበርና፥ ሞተሩን አውጣ ብሎ በአንድ መሥመር ያልፍ፥ በቍጥር የሚጠሩ ልዩ መሣሪያዎችንም አንባቢው በእጁ እንዳሉ ቈጥሮ ይናገር ነበር። በእኛ አገር የመጻሕፍት ቤት ደቀ መዝሙር የግዕዙን ንባብ በቃሉ ይዞ ሳለ የመምህሩን አንድምታ እስኪሰማ ድረስ ምሥጢሩ እንደሚዘጋበት ያለ ነው። ንባቡ ነበረ፥ ትርጓሜው ግን ከባለሙያ ወደ ረድእ በቃል ብቻ የሚተላለፍ ነበር፤ ጎረቤትም ቢጠየቅ የሚመልሰው እንደ ደግነቱ ነው።

ትርጓሜው በጽሑፍ የወጣው ከእንግሊዝ አገር ሳይሆን ከባሕር ማዶ ጎረቤታችን ከየመን ወደብ ከኤደን መሆኑ ይደንቃል። በስም ከአዳም ገነት ጋራ ብትመሳሰልም በ1965 እንግሊዞች ለመልቀቅ ሁለት ዓመት ብቻ የቀራቸው፥ ጥይት የሚተኰስባት፥ ሙቀቷ ብረት የሚያነድ ከተማ ነበረች። ኸይንስ በዚያ በአየር ኃይል ሳለ አንድ ባልደረባው ያረጀች ስፕራይት ገዝቶ አብሮት እንዲያድሳት ለመነው። የፋብሪካውን መጽሐፍ ሲያዩት ለተራ ባለቤት የማይረዳ ሆኖ አገኙት፤ ኸይንስም ካሜራ ገዛና፥ መኪናዋን እየፈቱና እየገጠሙ ሥራውን ደረጃ በደረጃ በፎቶግራፍ አነሡት። በአስተያየቴ የዚህ ታሪክ እምብርት ካሜራው ነው። ሊቅ ሲጽፍ የሚያውቀውን ይዘልላል፤ ካሜራ ግን የሚያነሣው እጁ ያደረገውን ነውና፥ የተማሪውን እጅ ቢያነሣ የተማሪውን መንገድ ሳይዘል ያሳያል። በዚህ ሁኔታ የተሠራው የስፕራይት መጽሐፍ በ1966 ታተመ፥ የመጀመሪያው እትም 3,000 ቅጂም ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ አለቀ።

መጽሐፉን ከፍቶ በጓሮው የቆመው ሰው የሚያገኘው ሥራ እንዲህ ያለ ነው። ኮፈኑ ሰፊ ስለ ሆነ ሁለት ሰው ሆኖ ይነሣል፤ ባትሪው ይፈታል፥ ውሃው ይቀዳል፥ ራዲያተሩ ይወጣል፥ ሽቦውና ቱቦው ሁሉ እየተፈታ ቦታው እንዳይረሳ ምልክት ይታሰርበታል። ሰንሰለቱ ከጣራው ተሸካሚ ወይም ከጠንካራ ዛፍ ይንጠለጠላል፥ ሞተሩ ከአንድ ጎልማሳ የሚበልጥ ክብደት አለውና ጣራውን አስቀድሞ መመርመር ብልኅነት ነው። ካምቢዮው አብሮ ከወጣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ከጅራቱ ሲለቅ ዘይቱ በዚያ በኩል ይፈስሳል፤ ይህን ያልጠበቀ ሰው ሸሚዙ ይነግረዋል። ሞተሩና ካምቢዮው በምድር ላይ ሲለያዩ፥ የቮላኖው ክዳን ቡሎኖች በመስቀል ቅርጽ ተራ በተራ ሲላሉ፥ አሮጌው ዲስክ ወደ እጅ ይወድቃል፤ ልብሱ አልቆ የመያዣው ምስማር ራስ ብረቱን ሲቧጥጥ የኖረ እንደ ሆነ ጭረቱ ቮላኖው ላይ በዓይን ይታያል፥ በጥፍርም ይዳሰሳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ክዳኑን የሚገፋው የካርቦን ቀለበትም አብሮ ይለወጣል፤ እርሱ ማርሽ ከገባ በኋላ እግሩን ፔዳል ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሰው የሚበላው ዕቃ ነው።

አዲሱ ዲስክ ሲገባ ሁለት ነገር ይፈተናል። የመጀመሪያው ፊቱ ነው፤ ወገቡ በአንድ ወገን ረዝሞ ይወጣልና ተገልብጦ ቢገባ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም፥ ያን ጊዜ የሁለት ቀን ድካም እንደ ገና ከኮፈኑ ይጀመራል። ሁለተኛው መካከሉ ነው፤ የካምቢዮው ዘንግ በዲስኩ ጥርሶች አልፎ በሞተሩ ጫፍ ከነሐስ በተሠራች ታናሽ ቀለበት ውስጥ መግባት አለበትና፥ ዲስኩ ፀጕር ታህል ወደ ጎን ቢል ዘንጉ እምቢ ይላል። ጋራዡ ለዚህ የተለየ ዘንግ ነበረው፤ በቤቱ ለሚሠራው ሰው ግን ከአሮጌ ካምቢዮ የተገኘ ዘንግ፥ ያም ቢታጣ ፕላስተር የተጠቀለለበት የመጥረጊያ እጀታ ይበቃዋል። በአዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ያየሁት ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ ይህንንም አልፈለገም፤ ሁለት ጣቱን በዲስኩ ቀዳዳ አግብቶ ዓይኑን ጨፍኖ አስተካከለውና ካምቢዮው ያለ ክርክር ገባለት፤ ይህ ግን በመጽሐፍ የማይጻፍ ትርጓሜ ነው።

መልሶ ስለ መግጠም የኸይንስ መጻሕፍት ብዙ አይደክሙም፥ አፈታቱን ከኋላ ወደ ፊት እንዲከተል ይነግሩታል፤ እንግሊዞችም በዚህ ላይ ብዙ ቀልደዋል። ይህ የመገልበጥ ጥበብ በሌላ በር ቀድሞ ገብቶ ነበር። በ1957 የወጣችው ሎተስ 7 ተፈትታ በሣጥን ስትሸጥ የግዢ ግብር አይከፈልባትም ነበር፥ ነገር ግን ሕጉ የአገጣጠም መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ስለ ከለከለ፥ ፋብሪካው የአፈታት መመሪያ እየሰጠ ገዢው ወደ ኋላ ያነበው ነበር ይባላል። ያ ግብር በ1973 በሌላ ሲተካ ብልኀቱ ጥቅሙን አጣ።

አንድ ነገር ግን ወደ ኋላ ሊነበብ አልቻለም። አሮጌው ዲስክ ሲወጣ በክዳኑ ውስጥ የተጠራቀመ ግራጫ ትቢያ ይገኛል፤ ያ ትውልድ በአፉ እፍ ብሎ ወይም በብሩሽ እያራገፈ ያጸዳው ነበር፥ ትቢያው ግን አስቤስቶስ ነበረ። በብሪታንያ ነጩ አስቤስቶስ የተከለከለው በ1999 ብቻ ነው፤ እስከዚያ ስንት ሰው በገዛ ጓሮው በገዛ እጁ ሲሠራ እንደ ተነፈሰው የጻፈ የለም።

ኸይንስ በ1967 ውትድርናውን ትቶ ሥራውን አሰፋ፥ ማተሚያ ቤቱም በሶመርሴት በስፓርክፎርድ ተተከለ፤ ሥራው ለጀማሪ ይሁን ለብልኅ የሚያመለክት ከአንድ እስከ አምስት የቍልፍ ሥዕል በየምዕራፉ ራስ የሚያደርጉት የኸይንስ መጻሕፍት በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጡ። እርሱ በ2019 ዐረፈ፤ በማግሥቱም ዓመት ድርጅቱ ለአዳዲስ መኪኖች በወረቀት የሚታተም መጽሐፍ ማዘጋጀቱን እንደሚተው አስታወቀ። የእንቍራሪት ዓይኗ መኪና ግን ካምቢዮዋ ዛሬም በወለሏ በኩል አይወጣም፤ ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከምድር ላይ ተንበርክከው፥ አንዱ ካምቢዮውን እየገፋ፥ ሌላው ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጫፍ በእጁ ቀስ እያለ እያዞረ፥ የዘንጉ ጥርሶች ከዲስኩ ጥርሶች ጋራ እስኪገናኙ ይጠብቃሉ። ሲገናኙ አንዲት ድምፅ ትሰማለች፥ ካምቢዮውም የቀረውን ስንዝር ራሱ ይገባል።