የቤዝቦል ቡድን «እየገነባን ነው» ሲል ስንት ዓመት ይጠበቅ?

ዋሽንግተን ናሽናልስ በ2019 የአሜሪካ ቤዝቦል ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ከ2020 እስከ 2025 ባሉት 6 የውድድር ዘመናት ግን በእያንዳንዱ የተሸነፈው ካሸነፈው በልጦ ነው የጨረሰው። ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ይህን ቡድን በደንብ ታውቁታላችሁ። ለምን እንደሚሸነፍ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስም ያው ነው፦ ቡድኑ እንደ አዲስ እየተገነባ ነው፣ ታገሱ።

እሺ እንታገስ። ግን እስከ መቼ? ዛሬ የምናየው ይሄን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አጭሩ መልስ፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት። በ4ኛው ዓመት ቡድኑ ከጨዋታዎቹ ግማሹን ማሸነፍ አለበት፣ በ5ኛው ደግሞ ለዋንጫ ከሚፎካከሩት ጋር መሰለፍ አለበት። ከዚያ ካለፈ ችግሩ የጊዜ ማነስ አይደለም፤ ወይ ሥራው ተበላሽቷል ወይ ባለቤቱ ገንዘብ ማውጣት አልፈለገም። ለምን እንዲህ እንደምንል ደግሞ እንይ።

🔹 እንደ አዲስ መገንባት ሲባል ምንድነው?

በእግር ኳስ ከታች ያለቀ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። በአሜሪካ ቤዝቦል መውረድ የሚባል ነገር የለም። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉት፣ እያንዳንዱ በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል፣ መጨረሻ የወጣውም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሊግ ውስጥ ነው።

እንዲያውም መሸነፍ ጥቅም አለው። በየዓመቱ ቡድኖች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት «ድራፍት» የሚባል ሥርዓት አለ። ደካማ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ስለዚህ አንዳንድ ክለቦች እንዲህ ያስባሉ፦ መሀል ሰፋሪ ሆነን ከምንቀር ኮከቦቻችንን እንሽጥ፣ በምትካቸው ወጣቶች እንቀበል፣ ለጥቂት ዓመታት እንሸነፍ፣ ከዚያ በጥሩ ተጫዋቾች እንመለስ። እንግሊዝኛው «ሪቢልድ» የሚለው ይሄንን ነው።

🔹 ለምን ዓመታት ይወስዳል?

በአሜሪካ እግር ኳስ (ኤንኤፍኤል) ወይም በቅርጫት ኳስ የተመረጠ ልጅ በዚያው ዓመት ሊሰለፍ ይችላል። ቤዝቦል ግን እንዲህ አይደለም። በድራፍት የተመረጠ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «ማይነር ሊግ» በሚባሉት ታችኛ ሊጎች ደረጃ በደረጃ ማለፍ አለበት። ከኮሌጅ የመጣ ልጅ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጅበታል፣ በ18 ዓመቱ የተመረጠ ደግሞ 4 እና 5 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ብዙዎቹ ጭራሽ አይደርሱም። ሂዩስተን በ2013 ከሁሉም ቀድሞ 1ኛ አድርጎ የመረጠው ኳስ ወርዋሪ ማርክ አፔል ለሂዩስተን አንድም የሜጀር ሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ቀርቷል።

አንዴ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። አንድ ተጫዋች ሜጀር ሊግ ውስጥ 6 ዓመት ካገለገለ ውሉ ሲያበቃ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ርካሽ ነው፤ በ2025 ዝቅተኛው ዓመታዊ ደሞዝ 760 ሺህ ዶላር ነበር። ነጻ ሲሆን ግን ዋጋው ሰማይ ይነካል። ሁዋን ሶቶ ነጻ ሲሆን ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈረመው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ይህ የ6 ዓመት ሰዓት ነው ትዕግሥትን የሚገድበው። የመጀመሪያው ወጣት በ2ኛው ዓመት ደርሶ የመጨረሻው በ7ኛው ዓመት ከደረሰ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው እየወጣ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው የሚጫወቱበት ጊዜ የለም። ስለዚህ በጣም የዘገየ ግንባታ ቀስ ብሎ የሚደርስ ግንባታ አይደለም፣ የማይደርስ ግንባታ ነው።

🔹 ሁሉም የሚጠቅሷቸው ሁለቱ

«ታገሱ» የሚሉ ክለቦች ሁሌም ሁለት ምሳሌ ያነሳሉ።

👉 ቺካጎ ከብስ፦ በ2012፣ ሥራው በተጀመረበት የመጀመሪያ ዓመት፣ 101 ጨዋታ ተሸነፈ። በ2015 97 አሸነፈ። በ2016 ሻምፒዮን ሆነ፤ ከ1908 በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ግን ወጣቶቹ ሲደርሱ ባለቤቶቹ ኪሳቸውን ከፍተዋል። ከ2015 በፊት በነበረው ክረምት ኳስ ወርዋሪውን ጆን ሌስተርን በ6 ዓመት 155 ሚሊዮን ዶላር አስፈርመዋል።

👉 ሂዩስተን አስትሮስ፦ በ2011፣ 2012 እና 2013 በተከታታይ ከ100 በላይ ተሸነፈ (106፣ 107፣ 111)። በ2015 ፕሌይኦፍ ገባ፣ በ2017 ዋንጫ አነሳ። ይህ ዋንጫ ግን ጥቁር ነጥብ አለበት። ቡድኑ በዚያ ዓመት በካሜራ የተጋጣሚን ምልክት ይሰርቅ እንደነበር በምርመራ ተረጋግጦ በ2020 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፣ የድራፍት ምርጫዎችም ተነጥቆበታል።

ሁለቱም ከታች ተነስተው ፕሌይኦፍ ለመግባት ከ3 እስከ 5 ዓመት ፈጀባቸው። «10 ዓመት ጠብቁ» ለሚል ክለብ ሁለቱም ምስክር አይሆኑም።

🔹 የ2021 አራቱ ተሸናፊዎች

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ደግሞ አለ። በ2021 100 እና ከዚያ በላይ የተሸነፉ ቡድኖች አራት ነበሩ። መነሻቸው ከሞላ ጎደል አንድ ስለነበር በሁለት ዓመት ውስጥ የት ደረሱ የሚለውን ማወዳደር ይቻላል።

1. ቴክሳስ ሬንጀርስ (102 ሽንፈት)። ድራፍት ብቻ አልጠበቁም። በዚያው ክረምት ኮሪ ሲገርን በ325 ሚሊዮን፣ ማርከስ ሴሚየንን በ175 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ። 2022 አሁንም መጥፎ ነበር፣ 94 ተሸነፉ። በ2023 ሻምፒዮን ሆኑ፤ በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው ዋንጫ።

2. አሪዞና ዳይመንድባክስ (110 ሽንፈት)። እነሱ እንደ ቴክሳስ ገንዘብ አልበተኑም፣ ያላቸውን ሁሉ ግን አልሸጡም። ኬቴል ማርቴንና ዛክ ጋለንን ይዘው ቆዩ፣ በ2019 በ16ኛ ምርጫ ያገኙት ኮርቢን ካሮል ደረሰላቸው። በ2023 84 አሸንፈው ብቻ ፕሌይኦፍ ገቡ፣ ከዚያ እስከ ፍጻሜው (ወርልድ ሲሪስ) ሄዱ። የተሸነፉት በቴክሳስ ነው። አዎ፣ የ2023 ሁለቱም የፍጻሜ ቡድኖች ከሁለት ዓመት በፊት ከ100 በላይ የተሸነፉ ነበሩ!

3. ባልቲሞር ኦሪዮልስ (110 ሽንፈት)። የእነሱ ግንባታ ቀድሞ የተጀመረ ነው፤ በ2018 115 ጊዜ ተሸንፈው ነበር። በ2022 83፣ በ2023 ደግሞ 101 አሸነፉ። ከ5 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ በጊዜው ደረሱ። ግን በ2023 እና በ2024 ፕሌይኦፍ ላይ በድምሩ 5 ጨዋታ አድርገው አንድም አላሸነፉም። ከ2024 በኋላ ምርጡ ኳስ ወርዋሪያቸው ኮርቢን በርንስ ወደ አሪዞና ሄደ፣ በ2025 87 ተሸንፈው አሰልጣኛቸውን በመሀል አሰናበቱ።

4. ፒትስበርግ ፓይሬትስ (101 ሽንፈት)። በ2022 እንደገና 100 ተሸነፉ። በ2023ም በ2024ም 76 ብቻ አሸነፉ፣ በ2025 ወደ 71 ወረዱ። የሚገርመው እጃቸው ላይ ፖል ስኪንስ አለ፤ በ2023 1ኛ ሆኖ የተመረጠ፣ በ2025 የናሽናል ሊግ ምርጥ ኳስ ወርዋሪ የተባለ ልጅ። አዲስ ውል ካልፈረመ የእሱ የ6 ዓመት ሰዓት በ2029 መጨረሻ ያበቃል። ክለቡ ለመጨረሻ ጊዜ ፕሌይኦፍ የገባው በ2015 ነው።

አራቱም ተሸንፈዋል፣ አራቱም ወጣት ነበራቸው። ልዩነቱ ወጣቶቹ ሲደርሱ ዙሪያቸውን ማን ሞላላቸው የሚለው ነው።

🔹 ወደ ዋሽንግተን እንመለስ

ናሽናልስ ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ ሞክሮታል፣ ሁለቱንም ጊዜ በዋናነት የመራው አንድ ሰው ነው፣ ማይክ ሪዞ።

የመጀመሪያው፦ በ2008 102፣ በ2009 103 ተሸነፉ። በዚያ ምክንያት በተከታታይ 1ኛ ሆነው የመምረጥ ዕድል አገኙ፤ ስቲቨን ስትራስበርግንና ብራይስ ሃርፐርን ወሰዱ። ገና ተሸናፊ እያሉ በ2010 መጨረሻ ለጄይሰን ዋርዝ በ7 ዓመት 126 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። በ2012 98 አሸንፈው ምድባቸውን መሩ። አራት ዓመት፣ አለቀ።

ሁለተኛው፦ በሐምሌ 2021 ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን ሸጡ። በ2022 ሁዋን ሶቶ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልፈልግም ማለቱ ተዘገበ፣ እሱንም ወደ ሳንዲያጎ ላኩት። በምትኩ የመጡት ጥሩ ናቸው፦ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ ሦስቱም ኦልስታር ሆነዋል። ታዲያ ምን ጎደለ? ባለቤቶቹ በ2022 ክለቡን ለመሸጥ እያሰቡ እንደሆነ አሳወቁ፣ በ2024 ደግሞ አንሸጥም አሉ። በዚህ መሀል እንደ ዋርዝ ዓይነት ትልቅ ፊርማ አልመጣም። 2022 ላይ 107፣ 2025 ላይ ደግሞ 96 ተሸነፉ፤ በሐምሌ 2025 ሪዞም አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝም ተሰናበቱ።

ይኸው፣ በአንድ ከተማና በአንድ መሪ፣ አንዱ በ4 ዓመት ደረሰ፣ ሌላው በ4 ዓመት እዚያው ነው።

🔹 ዝም ብሎ መሸነፍ አሁን አያዋጣም

ሕጉም ተቀይሯል። ከ2023 ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ 6 ምርጫዎች በሎተሪ ነው የሚወጡት። ሦስቱ መጨረሻ የወጡ ቡድኖች 1ኛውን የማግኘት ዕድላቸው እያንዳንዳቸው 16.5 በመቶ ብቻ ነው። ደግሞም አንድ ክለብ በየዓመቱ እየደጋገመ ሎተሪ ውስጥ መግባት አይችልም። ቺካጎ ዋይት ሶክስን እዩ፦ በ2024 121 ጨዋታ ተሸንፎ የዘመናዊውን ቤዝቦል ክብረ ወሰን ሰበረ፣ በ2025 ድራፍት ግን ሕጉ ከልክሎት 10ኛ ነው የመረጠው።

ይህ ክለብ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። በ2016 መጨረሻ ክሪስ ሴልን ሸጦ ግንባታ ጀመረ፣ በ2020 እና በ2021 ፕሌይኦፍ ገባ፤ በሰዓቱ ደርሷል። ሁለቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከነበረበት በታች ወረደ።

በሌላ በኩል ከ2022 ጀምሮ ፕሌይኦፍ የሚገቡት ከ10 ወደ 12 ቡድን አድገዋል። አሪዞና በ84 ድል ፍጻሜ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። በሩ ሰፍቷል፤ ውጭ ተቀምጦ የሚቆይ ቡድን ሰበቡ አንሷል።

🔹 ቡድናችሁን በምን ትመዝኑታላችሁ?

የእኛ መለኪያ ይሄ ነው፦

✅ 1ኛ ዓመት፦ ኮከቦቹ በጊዜ ተሸጠዋል? ውላቸው ሊያልቅ ወር ሲቀረው ሳይሆን ገና ዋጋ እያላቸው?
✅ 2ኛ ዓመት፦ ማይነር ሊግ ውስጥ ያሉት ልጆች ደረጃ እየወጡ ነው? በዚህ ዓመት ሽንፈት አያስደነግጥም።
✅ 3ኛ ዓመት፦ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወጣቶች በዋናው ቡድን ቋሚ ሆነዋል?
✅ 4ኛ ዓመት፦ ወደ 81 ድል ተጠግቷል? ባለቤቱ ከውጭ እውነተኛ ተጫዋች ገዝቷል?
✅ 5ኛ ዓመት፦ በመስከረም ወር ጨዋታው ትርጉም አለው?

4ኛው ላይ መልሱ «አይደለም» ከሆነ ጥያቄው ወደ አሰልጣኙ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ይሂድ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፣ እውነት ነው። ግን እንቁላሉን ታቅፎ የሚቀመጥ ሊኖር ይገባል። ናሽናልስ ዋንጫ ሲያነሳ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ደጋፊ በ2025 16 ዓመት ሞልቶታል። ክለቡ ለእሱ «ገና ነው» ሲል የልጅነቱን ግማሽ እየጠየቀው ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በነጻ አይሰጥም፤ ቀን ይቆረጥለት።

ቤዝቦል ለሚወድ ወይም «ይሄ ነገር ምኑ ይጥማል» ለሚል ጓደኛችሁ አጋሩት።