ዝናቡ ደሴ፣ ጎርፉ ኮምቦልቻ

ከውጭ አገር የመጣ «የክረምት የአደጋ ጊዜ ልምምድ» መመሪያ ብትከፍቱ የሚያወራው ስለ በረዶ ክምር፣ ስለሚያንሸራትት መንገድና ስለ ማሞቂያ ነው። የእነሱ ክረምት ያ ነው። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቦርከና ነው።

አቀማመጡን ለማታውቁት፦ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 1,850 ሜትር አካባቢ የምታገኟት ሜዳ። ቦርከና የደሴን ዙሪያ ውሃ ሰብስቦ በዶሮ መዝለያ ገደል ሾልኮ ወደኛ ይወርዳል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። «ደራሽ» የሚሉት ወደው አይደለም።

ወሎ ግን አደጋ ሲባል ትዝ የሚለው ድርቅ ነው። አገሪቱ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን በ1966 ዓ.ም. ያቋቋመችው በወሎ ረሃብ ምክንያት ነው። ድርቅ ወራት ይሰጣል (ያኔ መንግሥት ወራቱን ረሃቡን በመደበቅ ፈጃቸው እንጂ)። ጎርፍ የሚሰጠው ደቂቃ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ያየነው ይህንን ነው፤ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። በተግባር ግን ይህ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእሳት ማጥፊያ ሆኖ ይቀራል። በደህንነት ሠራተኛነት የምሠራበት ፋብሪካም ልምምድ ነበረው፤ የእሳት። ደወል ሲደወል ሁሉም ወጥቶ በሩ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ሜዳው ደግሞ ከግቢው ሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ነው። ለእሳት ጥሩ፤ ለደራሽ ግን ሰውን ሰብስቦ ማስረከብ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሰኔ የጎርፍ ልምምድ ስናደርግ ነገሩን ገለበጥነው። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ላይ። መጀመሪያ መብራት ይቆረጣል፣ የማቅለሚያ ኬሚካሉ አስቀድሞ ከወለል ይነሳል፣ ማንም «ልጆቼ ጋ ልድረስ» ብሎ ድልድይ አይሻገርም። ይሄ ሁሉ ያው ሲደጋገም የሚለመድ ነው። ያስቸገረን ሌላ ነው፦ ጩኸት ሲሰማ አለመሮጥ።

እኛ አገር ኡኡታ ተሰምቶ ቁጭ የሚል ሰው፣ ሰው አይባልም። ማረሻውን ጥሎ የሚሮጥ ነው ጎረቤት። ይህ ልማድ ስንቱን አትርፏል። ነገር ግን ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ አፈር ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ሰው ጩኸት ሰምቶ መጣ፤ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ሳይቀሩ። በእጃቸው እየቆፈሩ ሳለ ከላይ ያለው ተረተር ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ። እዚያ የገደለው ክፋት ወይም ስንፍና አይደለም፤ ደግነት ነው። ደግነትን ደግሞ በማስታወቂያ ወረቀት ማስቆም አይቻልም።

ይህን ታሪክ ልምምዱ ላይ ስናገር ከክር ክፍል አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ታዲያ ልጄ፣ ታች የቀረችው ብትጮህ ቆመን እንቁጠር ነው የምትለን?»

«አዎ፣ እትዬ። ማን እንደቀረች የሚነግረን ቆጠራው ነው።»

«ከተቆጠረስ በኋላ?»

ከዚያ በኋላ የሚወርዱት ሁለት ናቸው፣ ወገባቸው ላይ ገመድ ታስሮ። ሦስተኛው ገመዱን ከላይ ይይዛል፣ አራተኛው ዓይኑን ከወንዙ ላይ አይነቅልም፤ «ውጡ» ካለ ይወጣሉ፣ የጮኸው ሰው ገና ባይገኝም። ሌላው ባለበት ይቆያል።

ዝም አሉ። ጎናቸው የነበረችው ልጅ «ይሄ ጭካኔ ነው» አለች፤ ጥቂቶች ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ገመዱን እኔ እይዛለሁ» አሉ በመጨረሻ እትዬ። «እኔ ከያዝኩት አለቅም።»

ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ አሰፈርኩ። ለቀን ፈረቃ አራቱም ሞልተዋል። ለሌሊት ፈረቃ ወንዙን ተመልካች ገና እየፈለግን ነው፤ ሁሉም መውረድ ነው የሚፈልገው።