ጃባቴ፦ የአንድ የማንዴ የዘር ስም አመጣጥና ሥርጭት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአፍሪካ ሥነ ቃል ፈተና ላይ አንዲት ተማሪ፣ ማሊያዊው ደራሲ ማሳ ማካን ጃባቴ የሱንጃታን ተረክ የቀዳው ከአጎቱ ከኬሌ ሞንሶን ጃባቴ መሆኑን ጽፋ ነበር። እኔ ግን «የአባት ስማቸው አንድ ስለሆነ ወንድማማቾች ናቸው» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አረምኳት፤ ነጥብም ቀነስኩባት። ስሕተቱ የኔ ነበር። ጃባቴ የአባት ስም አይደለም። ማንዴዎች «ጃሙ» የሚሉት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የዘር ስም ነው። ሴት ልጅ ስታገባ እንኳ በልማዱ አትለቀውም። የኛ አጠራር አያት ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ጃሙ ግን፣ ባለቤቶቹ እንደሚሉት፣ እስከ 13ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ማሊ መንግሥት ምሥረታ ይዘልቃል።

የስሙ አመጣጥ የሚነገረው በዚያው በሱንጃታ ተረክ ውስጥ ነው። በዶ አገር ጎሽ እየሆነች ሕዝቡን የምትፈጅ ሴት ነበረች። ከትራኦሬ ወገን የሆኑ ሁለት አዳኝ ወንድማማቾች በደግነታቸው አንጀቷን ስላራሩት የምትሞትበትን ምስጢር ገለጠችላቸው፤ ለሽልማት ቆነጃጅት ሲቀርቡላቸው ግን መልከ ጥፉዋን ሶጎሎንን እንዲመርጡ ቃል አስገባቻቸው። ኋላ ሱንጃታን የምትወልደው ይህችው ሶጎሎን ናት። በብዙዎቹ ቅጂዎች ጎሿን የገደላት ታናሹ ነው። ታላቁ በመቅናት ፈንታ ቆሞ አወደሰው። ታናሹም በውዳሴው ተደንቆ፣ አንተ አወዳሽ ብትሆን ኖሮ እምቢ የሚልህ ሰው ባልተገኘ ነበር አለው። «ጃባቴ» ከዚህ እምቢ አይሉህም ከሚል አነጋገር ወጣ ይባላል።

ፍቺው ሕዝብ ስሙን ሰምቶ ያበጀው ሥርወ ቃል ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ቁም ነገሩ ግን እዚያ ላይ አይደለም። ጃባቴዎች በብዛት ጀሊዎች ናቸው። ጀሊ ማለት ታሪክ መንገርን፣ ማወደስንና ሙዚቃን በዘር የሚወርስ፣ በልማዱም ከመሰሎቹ ጋር ብቻ የሚጋባ ባለሙያ ነው (አዝማሪ ብለን ብንተረጉመው የማስታረቅና የዘር ሐረግ የመጠበቅ ሥራው ይቀርብናል)። ተረኩ ታዲያ አንድ ክርክር ይዟል፦ እኛ የትራኦሬ ደም ነን፤ ያውም የታላቁ ወንድም፤ ወደ ዜማ የገባነውም ከወንድም ፍቅር የተነሣ ነው። ይህን ለአድማጭ የሚዘምሩት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ ስሙ በማሊ፣ በጊኒ፣ በኮትዲቯር፣ በሴኔጋል፣ በቡርኪና ፋሶ ይገኛል፤ በስደትም ፈረንሳይ ገብቷል። አጻጻፉን ግን ቅኝ ገዥዎች ለሁለት ከፈሉት። ፈረንሳዮች በሚገዙበት «ዲያባቴ»፣ እንግሊዞች በያዟት ጋምቢያ «ጆባርቴ» ተብሎ ተጻፈ። በ2024 እ.ኤ.አ. ያረፈው የኮራ ሊቅ ቱማኒ ዲያባቴ ማሊያዊ ነው፤ አባቱ ሲዲኪ ግን የተወለዱት ጋምቢያ ነበር። ለንደን የተወለደችው የኮራ ተጫዋች ሶና ጆባርቴ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ናት። የሸክላና የሲዲ ሽፋን ብቻ የሚያይ ሰው ዝምድናቸውን ከየት ያውቃል? የኛ ፊደል «ጃ»ን በአንድ ምልክት የሚጽፍ ሆኖ ሳለ፣ ከፈረንሳይኛው ገልብጠን «ዲያ» የምንልበት ምክንያት አይገባኝም። ከላይ ማሳ ማካንን ጃባቴ ያልኩት ስለዚህ ነው፤ ቱማኒንና ሶናን በተለመደው ስማቸው ጠርቻለሁ።

ማሳ ማካን (1938–1988 እ.ኤ.አ.) የኪታ ልጅ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. «ጃንጆን»ን ሲያሳትም፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኩታ ልቦለዶቹን ሲጀምር፣ ለአያቶቹ የቃል ሥራ የነበረው የእሱ የብዕር ሥራ ሆነ። እኔ ግን በማንበቢያ ዝርዝሬ ላይ እንደ አገራችን ደራስያን በመጀመሪያ ስሙ «መ» ሥር፣ አጎቱን ደግሞ «ከ» ሥር አስቀምጬያቸው ኖሬአለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለቱንም ወደ «ጀ» አዛወርኳቸው። የተማሪዋን ነጥብ ልመልስ ስል ግን ተመርቃ ሄዳለች።