ቶዮታ ሃይላንደር

ቶዮታ ሃይላንደር መካከለኛ መጠን ያለው የቤተሰብ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒውዮርክ የመኪና ትርኢት ታይቶ በ2001 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። በአውስትራሊያ የሚታወቀው ክሉገር በሚል ስም ነው።

አሠራር፦ እንደ ላንድክሩዘር በሻሲ ላይ የተጫነ ቦዲ የለውም፤ ቦዲውና ሻሲው አንድ ወጥ ሲሆኑ የመጀመሪያው ትውልድ መሠረቱን ከካምሪ ጋር ይጋራል።

ዕድገት፦ ሦስተኛው ረድፍ መቀመጫ በ2004 ሞዴል፣ ሃይብሪዱ በ2006 ሞዴል ተጨመሩ። በ2008፣ በ2014 እና በ2020 ሞዴሎች አዳዲስ ትውልዶች ተከተሉ። በ2023 ሞዴል 3.5 ሊትሩን ቪ6 ሞተር ባለ 2.4 ሊትር ቱርቦ ተካው፤ ጉልበቱ ከ295 ወደ 265 የፈረስ ጉልበት ቢወርድም፣ የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ጨምሯል።

አነዳድ፦ አቀማመጡ ከፍ ያለ፣ አካሄዱ እንደ አውቶሞቢል ለስላሳ ነው። ለአስፋልትና ለጠጠር መንገድ ይስማማል፤ ለአለታማ ዳገት ግን አልተሠራም። በአራት ጎማ በሚነዳው ሃይብሪድ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ራሱን የቻለ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ከፊት ኃይል የሚያደርስ ዘንግ የለውም። ሦስተኛው ረድፍ የአዋቂ ጉልበት ስለሚያጣብብ ለልጆች ይመረጣል።